የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ፕሮቶኑ ሰውነት ውስጥ የት ጋ ነው የሚቆመው?

ባለፈው እትም ስለ ጨረር ሕክምና ስጽፍ መጨረሻው ላይ ካንሰርን ለማከም ስለሚተኮሰው ፕሮቶን (የአቶም አስኳል ውስጥ ያለ ቅንጣት ነው) ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ ፕሮቶን የተፈለገበት ጥልቀት ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ እንደ ኤክስሬይ በወዲያኛው በኩል አያልፍም የሚል። ከዛ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል እዚችው ላይ ያረፉ ናቸው፣ የት ጋ ነው የሚቆመው፣ ማን አየው፣ በምን ለኩት የሚሉ። ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም የዘርፉ ሰዎችም ስንት ዓመት የለፉት እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ስለዚ የዛሬው ዓምድ በሙሉ የሱ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ሲቲ ስካን ክፍል ነው የምሰራው። ሲቲው ዕጢውን ከነጠርዙ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ታዲያ ለፕሮቶን ሕክምና በራሱ በፕሮቶን ሌላ ምስል ማንሳት ለምን አስፈለገ? ለሕመምተኛውስ ትርፍ ጨረር አይሆንበትም?» — ራዲዮግራፈር፣ ከጅማ

እህቴ፣ ሲቲው ዕጢው የት እንዳለ በደንብ ያሳያል፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለም። ችግሩ ከቆዳው እስከ ዕጢው ድረስ ያለው ሥጋና ስብ፣ አጥንትና አየር ፕሮቶኑን ምን ያህል እንደሚያዘገየው ሲቲው በቀጥታ አይለካም።

ፕሮቶን ሰውነት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ላይ ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ትንሽ ትንሽ ኢነርጂ ብቻ እየጣለ ይሄዳል፣ እየቀዘቀዘ በመጣ ቁጥር የሚጥለው እየጨመረ መጨረሻ ላይ ያለውን በሙሉ አራግፎ ይቆማል፣ ይሄ ነው የብራግ ጫፍ የሚባለው፣ ዊልያም ብራግ በ1900ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው) በአልፋ ቅንጣቶች ላይ ያየው ነገር ነው። ሮበርት ዊልሰን በ1946 ይሄንን ለካንሰር ሕክምና እንጠቀምበት ብሎ ጻፈ፣ በ1954 ካሊፎርኒያ በርክሌይ ላይ በሰው ተጀመረ። ቁጥሩን ለማየት ያህል፣ 70 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ኢነርጂ መለኪያ ነው) ያለው ፕሮቶን ውሃ ውስጥ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ይሄዳል፣ 150 ከሆነ ወደ 16፣ 200 ከሆነ 26 ሴንቲሜትር። ኢነርጂውን እየመረጥሽ ጥልቀቱን ትመርጫለሽ ማለት ነው፣ ውሃ ከሆነ።

ሰው ግን ውሃ አይደለም። አሁን ሆስፒታሎች የሚያደርጉት የሲቲውን የሃውንስፊልድ ቁጥር፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጥብ ኤክስሬይን ምን ያህል እንደሚውጥ የሚነግረውን ቁጥር፣ በሠንጠረዥ ወደ ፕሮቶን የማዘግየት አቅም መቀየር ነው። እዚህ ጋ ነው ስህተቱ የሚገባው፣ ምክንያቱም ኤክስሬይ የሚዋጠው በኤሌክትሮን ብዛት ብቻ ሳይሆን በአተሙ ቁጥርም (አቶሚክ ነምበር) ነው፣ አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ኤክስሬይን በጣም ይበላዋል፣ ፕሮቶን ግን በዋናነት የሚያየው የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ነው። ስለዚ ሲቲ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጡ ሁለት ነገሮች ፕሮቶንን እኩል ላያዘገዩት ይችላሉ። ጥርስ ውስጥ ብረት ሙሌት ካለ ደግሞ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ ምስሉ ምን እንደሚሆን። በዚህ ምክንያት ብዙ ቦታ ለጥንቃቄ ከጥልቀቱ 3.5 በመቶ ያህል ይጨመራል። ዕጢው 20 ሴንቲሜትር ውስጥ ከሆነ 7 ሚሊሜትር ነው ይሄ። 7 ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል፣ ከዕጢው ጀርባ ያለው የዓይን ነርቭ ወይም የአንጎል ግንድ ከሆነ ግን ትንሽ አይደለም። ይባስ ብሎ ሐኪሞቹ ይሄን ስለሚያውቁ ፕሮቶኑን በቀጥታ ወደ አደገኛው አካል አያነጣጥሩትም፣ በሌላ አቅጣጫ ያዞሩታል። ፕሮቶን የተመረጠው እዛ ጋ ስለሚቆም ሆኖ ሳለ ማለት ነው! እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

በሁለት ዓይነት የኤክስሬይ ኢነርጂ የሚያነሳው ሲቲ ይሄን ስህተት ይቀንሳል፣ ብዙ ሆስፒታልም ገብቷል። ግን እሱም የሚለካው ኤክስሬይን ነው። ፕሮቶን ምን እንደሚገጥመው በቀጥታ ማወቅ ከተፈለገ ፕሮቶን ልኮ ማየት ነው።

የትርፍ ጨረሩ ነገር፣ ለምስሉ የሚላኩት ፕሮቶኖች በሕመምተኛው አልፈው የሚወጡ ናቸው፣ ውስጥ አይቆሙም፣ አንድ በአንድ ስለሚቆጠሩም ብዙ አያስፈልግም፣ ዶዙ (ሰውነት የሚቀበለው የጨረር መጠን) ከተለመደው የጭንቅላት ሲቲ በብዙ ያነሰ ነው።

«አንድ በአንድ ይቆጠራል ሲባል እውነት ነው? ዲቴክተሩ ምንድነው ቁርጥ አድርጎ የሚያየው? ክላስ ላይ ቅንጣት ቁስ ውስጥ ሲያልፍ የሚጥለውን ኢነርጂ የሚያሰላውን ቤተ-ብሎክ ፎርሙላን ተምረናል፣ መሳሪያው ግን አልገባኝም።» — የ3ኛ ዓመት ፊዚክስ ተማሪ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ

እውነት ነው ወንድሜ፣ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ያህል እያንዳንዳቸውን ለየብቻ። ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው ፕሮቶኑ በየት ገብቶ በየት ወጣ የሚለውን መያዝ፣ ሁለተኛው ሲወጣ ስንት ኢነርጂ ቀርቶታል የሚለውን መለካት።

ለመጀመሪያው ከሕመምተኛው በፊት ሁለት፣ ከሕመምተኛው በኋላ ሁለት የሲሊከን ገጾች ይቆማሉ። ገጹ ላይ በጣም ቀጫጭን መስመሮች ተደርድረዋል፣ የሎማ ሊንዳና የሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲዎች ካሊፎርኒያ ላይ በሠሩት ማሽን ከመስመር እስከ መስመር 228 ማይክሮሜትር ነው፣ ሩብ ሚሊሜትር አይሞላም። የሲሊከኑ ውፍረት 400 ማይክሮሜትር። ይሄ ሲሊከን መጀመሪያ የተሠራው ለሕክምና አልነበረም፣ በ2008 ወደ ሕዋ ለወጣው ፈርሚ ለሚባለው የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ ነው፣ እሱን አምጥተው ነው እዚህ የተጠቀሙበት።

አሁን አንድ ፕሮቶን ተከተል። 200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይዞ ሲሊከኑን ሲያቋርጥ ሦስት መቶ ሠላሳ ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይጥላል። ሲሊከን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ከቦታው ለማስለቀቅ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል፣ ስለዚ አካፍለህ ስታየው ወደ 90 ሺህ ኤሌክትሮኖች ተለቀቁ ማለት ነው። ሲሊከኑ ላይ ቮልቴጅ ስላለ ኤሌክትሮኖቹ ወደ አንድ ገጽ፣ ትተውት የሄዱት ጉድጓድ ወደ ሌላኛው ይሮጣሉ፣ በቅርቡ ያለው መስመር ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ትፈጠራለች፣ ማጉያው ያጎላታል፣ «መስመር ቁጥር ይሄ ተመትቷል» ይባላል። 90 ሺህ ኤሌክትሮን ብዙ ይመስላል እንጂ በኩሎምብ ብታሰላው ከምንም የማይቆጠር ነው፣ ለዛ ነው ማጉያው እዛው ሲሊከኑ አጠገብ የሚቀመጠው፣ በረጅም ሽቦ ከሄደች ጫጫታ ይውጣታል።

ሁለተኛው ሥራ የቀረውን ኢነርጂ መለካት ነው። ባጃጅ ነዳጅ ሞልታ ከፈረንጅ አራዳ ተነስታ ኪቶ ስትደርስ የቀረውን ነዳጅ ብታይ መንገዱ ምን ያህል አቀበትና ጭቃ እንደነበረው ትገምታለህ አይደል፣ ነገሩ እንደዛ ነው። 200 ሆኖ የገባ ፕሮቶን 87 ሆኖ ከወጣ መሃል ላይ የ20 ሴንቲሜትር ውሃ ያህል ነገር አልፏል ማለት ነው፤ ለምን ብትል 87 የያዘ ፕሮቶን ገና 6 ሴንቲሜትር ውሃ ይቀረዋል፣ ከ26ቱ ላይ 6 ቀንስ።

እንዴት ይለካል? ሲንቲሌተር የሚባል ፕላስቲክ አለ፣ ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ ይላል፣ ብርሃኑ ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምት ቀይሮ በሚያጎላው በፎቶመልቲፕላየር ይለካል። እዚህ ጋ ካሊፎርኒያዎቹ የሠሩትን ብልሃት በጣም ነው የምወደው። አንድ ወፍራም ፕላስቲክ ከማድረግ ይልቅ አምስት ቦታ ከፍለው ከኋላ ከኋላ ደረደሩት። ፕሮቶኑ ከአምስቱ አንዱ ውስጥ ይቆማል፣ ከሱ በፊት ያሉትን በሙሉ አልፏል፣ የነሱ ውፍረት ደግሞ የታወቀ ነው፣ ስለዚ የብርሃን መለኪያው ስህተት የሚገባው የቆመበቷ ክፍል ላይ ብቻ ነው። ሌሎች ቡድኖች ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚወፍሩ ሉሆችን ደራርበው ስንተኛው ላይ ቆመ ብለው ይቆጥራሉ፣ እሱም ይሠራል።

ዲቴክተሩን እያሻሻሉ መሄድ ግን ማለቂያ ያለው ነገር ነው። 26 ሴንቲሜትር የሚሄዱ ፕሮቶኖች ሁሉ ኢነርጂያቸው ፍጹም እኩል እንኳን ቢሆን አንድ ቦታ ላይ አይቆሙም፣ በየመንገዱ የሚገጥማቸው ስለሚለያይ ወደ 3 ሚሊሜትር ይበታተናሉ። ይሄ የተፈጥሮ ሥራ ነው፣ የትኛውም መሳሪያ አያስቀረውም። ስለዚ ከዛ በታች የሚለካ ዲቴክተር ለመሥራት ገንዘብ ማፍሰስ ዋጋ የለውም፣ መፍትሔው ብዛት ነው፣ በአንድ ነጥብ 100 ፕሮቶን ካለፈ አማካዩ 0.3 ሚሊሜትር ላይ ይመጣል። ሙሉ ስካን ለማድረግ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፕሮቶኖች ያስፈልጋሉ፣ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ከተያዘ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቀርፋፋ ዲቴክተር ቢሆን ሰውየው ሰዓታት ተኝቶ ሊጠብቅ ነው፣ ለዛ ነው ፍጥነት ከጥራት እኩል የሚታየው።

አንድ የረሳሁት፣ ፕሮቶን ቀጥ ብሎ አይሄድም። ኒውክሊየሶች (የአቶም አስኳሎች) አጠገብ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይገፉታል፣ 20 ሴንቲሜትር ሲያልፍ በሚሊሜትሮች ከመስመሩ ይወጣል። ቀጥታ መስመር ነው ብለህ ምስል ብትሠራ ይደበዝዛል። አራቱ የሲሊከን ገጾች ጥቅማቸው ይሄኔ ነው፣ ሲገባም ሲወጣም ቦታውንና አቅጣጫውን ስለሚሰጡህ ውስጥ ለውስጥ ሄዶበታል ተብሎ የሚገመተውን ጠመዝማዛ መንገድ ታሰላለህ፣ ስህተቱ ወደ 1 ሚሊሜትር ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ፕሮቶን ለየብቻ፣ በመቶ ሚሊዮን ጊዜ። እስካሁን ኮምፒውተሩን ላብ የሚያስጠምቀው እሱ ነው።

«ሞባይል ነው የምጠግነው፣ መርካቶ አካባቢ። የስልክ ካሜራ ሴንሰርም ሲሊከን ነው፣ ፒክስሉም ከዛ ዲቴክተር በጣም የደቀቀ ነው። ለምን በሱ አይሠሩትም?»

ወንድሜ የመጡበት መንገድ ይሄው ነው። ጄኔቫ አጠገብ ላለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ለሰርን፣ ለአሊስ ሙከራ የተሠራ አልፓይድ የሚባል ቺፕ አለ፣ ቤተሰቡ ከካሜራህ ሴንሰር ጋር አንድ ነው። ቁመቱ 3 ሴንቲሜትር ወርዱ 1.5፣ በላዩ 512 በ1024 ፒክስል፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ፣ እያንዳንዱ ወደ 27 በ29 ማይክሮሜትር። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። ካሜራው ብርሃን እያጠራቀመ ቆይቶ ፍሬሙን በሙሉ ያነባል፣ ፕሮቶን ግን በሰከንድ ሚሊዮን ሆኖ ሲመጣ ፍሬሙ እስኪነበብ ሺዎቹ ተደራርበው ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም። አልፓይድ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ማጉያና መወሰኛ አለው፣ ተመትቻለሁ ወይም አልተመታሁም ብቻ ነው የሚለው፣ ያልተመቱት አይነበቡም። የመብራቱን መጠን አይነግርህም፣ ግን ፈጣን ነው።

ኖርዌይ በርገን ያለው ቡድን ይሄን ቺፕ በ43 ንብርብር ደርድሮ፣ በየመሃሉ 3.5 ሚሊሜትር አሉሚኒየም አስገብቶ የሚሠራ ዲቴክተር ነድፏል። ሲንቲሌተር የለውም። ፕሮቶኑ በየንብርብሩ ነጥብ እየተወ ይሄድና አንዱ ጋ ይቆማል። በጣም ደስ የሚለው፣ ሊቆም ሲል ብዙ ኢነርጂ ስለሚጥል የሚመቱት ፒክስሎች ቁጥር ይጨምራል፣ መጀመሪያ ትንሽ የነበረችው ነጥብ መጨረሻ ላይ ትሰፋለች። የብራግን ጫፍ በፒክስል ታየዋለህ።

መስመር ያለውና ፒክስል ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ የጥገና ሰው ስለሆንክ ትወደዋለህ። መስመሮቹ አንዱ ገጽ በቁም አንዱ በአግድም ቢሆኑና ሁለት ፕሮቶኖች እኩል ቢመጡ፣ ሁለት የቁም ሁለት የአግድም መስመር ይመታል፣ መገናኛቸው አራት ነው፣ ሁለቱ እውነት ሁለቱ ሐሰት። የትኞቹ ናቸው? የእንግሊዞቹ ፕራቭዳ የሚባለው ቡድን ገጾቹን ሦስት አድርጎ በ60 ዲግሪ አዙሮ አስቀመጣቸው፣ ሦስቱም የተስማሙበት መገናኛ እውነተኛው ነው። መሳሪያቸውን ከፈተኑባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ እዚሁ አህጉራችን ላይ ነው፣ ኬፕታውን አጠገብ ያለው አይቴምባ ላብስ፣ በ1993 ሰውን በፕሮቶን ማከም የጀመረ ቦታ።

የስልክ ሴንሰርህን መሞከር ከፈለግህ ሌንሱን ብርሃን እንዳያስገባ በጥቁር ፕላስተር በደንብ ሸፍነህ ረጅም ኤክስፖዠር አንሳ፣ ብዙ ካነሳህ አልፎ አልፎ ነጭ ነጥብ ወይም አጭር ጭረት ይወጣልሃል። ሁሌ እዛው ቦታ የሚመጣው ነጥብ የሴንሰሩ ብልሽት ነው፣ ቦታው የሚቀያየረው ውስጥ ግን ከሰማይ የመጣ ሙዮን የሚባል ቅንጣት ይኖርበታል።

«አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር አለባቸው። ጨረር ታዞላቸዋል። ዘመድ ደግሞ ሕንድ ፕሮቶን አለ፣ ምንም ጉዳት የለውም፣ ቤቱን ሸጣችሁም ቢሆን ውሰዷቸው ይላል። ምን ትመክረናለህ?» — ከሂርማታ

እህቴ፣ አላህ ያሽርልሽ። የምወስነው እኔ አይደለሁም፣ ሐኪማቸው ነው፣ ግን ቤት ለመሸጥ አትቸኩሉ። አሜሪካ ውስጥ የፕሮስቴት ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በፕሮቶን ግማሹን ጥሩ ተደርጎ በተነጣጠረ ኤክስሬይ አክሞ ያነጻጸረ ትልቅ ጥናት ውጤቱ በ2024 ይፋ ሆኗል፣ በአንጀት ችግርም በሽታውን በመቆጣጠርም ልዩነት አልታየም። «ምንም ጉዳት የለውም» የሚለው ትክክል አይደለም። ፕሮቶን ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ሕፃናት ላይ፣ የራስ ቅል ሥር ያሉ ዕጢዎች ላይ፣ የዓይን ዕጢ ላይ ነው።

ይሄ ከላይ የጻፍኩት የፕሮቶን ምስልም ለአባትሽ አሁን የሚደርስ ነገር አይደለም፣ በአብዛኛው ገና ምርምር ላይ ነው፣ ደግሞም የአዋቂ ዳሌ ከጎን ወደ ጎን ሰፊ ነው፣ የሕክምና ማሽኖቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት 230 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ውሃ ውስጥ 33 ሴንቲሜትር ሄዶ ይቆማል፣ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ ዲቴክተር ጋ አይደርስም። ሐኪሙን ይሄን ጠይቂው፦ በሽታው ተሰራጭቷል ወይ፣ ከጨረሩ ጋር የሆርሞን ሕክምና ያስፈልጋል ወይ፣ ጨረሩ እስኪጀመር ስንት ይጠበቃል። ብራችሁን ለመድኃኒቱ፣ ለምግባቸውና ለመመላለሻው ያዙት። ቀጠሮ እንዳያመልጣቸው ብቻ፣ ጨረር መቆራረጥ አይወድም።

«ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነኝ። ፕሮቶን ማሽን አገራችን የለም። እዚህ ቁጭ ብዬ በዚህ ነገር ላይ ምን ልሠራ እችላለሁ?»

ብዙ። ኬፕታውንን ልንገርሽ። አላን ኮርማክ የሚባል ፊዚክስ አስተማሪ በ1956 እዛ ግሩት ስኩር ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያ ስለጎደለ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት እንዲያግዝ ተላከ፣ ለጨረር ሕክምና ዶዝ ሲያሰሉ የሰውን አካል ውስጡ አንድ ዓይነት ነው ብለው እንደሚይዙት አየ፣ ይሄ ትክክል አይደለም፣ ከውጭ ለክተን ውስጡን ማስላት አለብን ብሎ ሒሳቡን ሠራ። የመጀመሪያ ጽሑፉን በ1963 ሲያወጣ ኤክስሬይ ብቻ ሳይሆን ፕሮቶንም ለዚህ ሊሆን እንደሚችል እዛው ጽፎታል። በ1979 የሲቲ ማሽኑን ከሠራው ከሃውንስፊልድ ጋር ኖቤል ወሰደ። የፕሮቶን ምስል ሐሳብ የጀመረው በቃ ያኔ ነው፣ ዲቴክተሩና ኮምፒውተሩ ስላልነበረ እንጂ።

አንቺ ዛሬ ኮምፒውተሩ አለሽ። ጂያንት 4 የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ቅንጣት ቁስ ውስጥ ሲሄድ ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ ያስመስላል፣ እነዚህ የጠቀስኳቸው ቡድኖች ሁሉ ብረት ከመቁረጣቸው በፊት በሱ ነው የሚጀምሩት። ላፕቶፕ ይበቃል፣ ረጅሙን ስሌት ማታ ማታ ልቀቂው፣ መብራት ሲጠፋ እንዳይጠፋብሽ ውጤቱን በየመሃሉ ፋይል ላይ እንዲጽፍ አድርጊ። ኤሌክትሪካል ከሆንሽ ደግሞ ከፊዚክሶቹ የምትበልጪበት ቦታ አለ፣ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ማነቆ በሰከንድ ሚሊዮን ምት ማንበብ፣ የተደራረቡትን መለየትና ወደ ኮምፒውተር ማድረስ ነው፣ ይሄ የኤፍፒጂኤ፣ ማለትም ውስጡን ሰርኪት እንደፈለግሽ የምትጽፊለት ቺፕ፣ ሥራ ነው፣ ኤፍፒጂኤ ደግሞ መጀመሪያ የሚጻፈውም የሚፈተነውም ኮምፒውተር ላይ ነው።

ከትንሹ ጀምሪ። 20 ሴንቲሜትር ውሃ አስቀምጪ፣ 200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሆኑ አሥር ሺህ ፕሮቶኖች ላኪበት፣ የወጡትን ኢነርጂ በግራፍ አውጪው። ጫፉ 87 አካባቢ መምጣት አለበት። ከዛ ከግራፉ ግራ በኩል ረጅም ጅራት ታያለሽ፣ እነዛ ከኒውክሊየስ ጋር ተጋጭተው ኢነርጂያቸውን ባንዴ ያጡ ናቸው፣ ምስሉ ውስጥ ከገቡ ያበላሹታል፣ ስለዚ በምን መስፈርት እንደምታስወጫቸው አስቢ፣ በኢነርጂ ብቻ ነው ወይስ በወጡበት አቅጣጫም? ቀጥለሽ ከውሃው መሃል 1 ሴንቲሜትር አጥንት አስገቢና ጫፉ ስንት እንደተንቀሳቀሰ እይ። ግራፉን ላኪልኝ፣ በሚቀጥለው እትም አብረን እናየዋለን።